ኢንተርኔት ላይ ሳይመኩ ለሬድ ሃት ኢንጂነርነት ፈተና መዘጋጀት፦ በወሎ ለሚሠሩ የሊኑክስ ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በአካባቢያቸው ባሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ፋብሪካዎች፣ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ሰርቨር እያስተዳደሩ ሬድ ሃት ሰርቲፋይድ ኢንጂነር፣ በምኅጻሩ አርኤችሲኢ የተባለውን የከፍተኛ ደረጃ የሊኑክስ ፈተና ለመውሰድ ላሰቡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የፈተናው መለያ ኢኤክስ 294 ነው። ተፈታኙ ለ4 ሰዓት ያህል ማሽኖች ተሰጥተውት የታዘዘውን ሁሉ በእጁ ሠርቶ ያስረክባል እንጂ ከተደረደሩ አማራጮች መልስ አይመርጥም። ማለፊያው ከ300 ነጥብ 210 ነው፤ ሥራው የሚመዘነውም በውጤቱ ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ በስተመጨረሻ የማይሠራ ሰርቨር ነጥብ አያስገኝም።

በፈተናው ላይ ኢንተርኔት የለም። መፈለጊያ ድረ ገጽ መክፈት፣ የራስን ማስታወሻ ማየትም ሆነ ሌላ ሰው መጠየቅ አይቻልም፤ ተፈታኙ የሚያገኘው በማሽኑ ላይ አብሮ የተጫነውን ሰነድ ብቻ ነው። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ መቆራረጡ የተለመደ በመሆኑ «ኔት ሲመጣ አጠናለሁ» የሚለው አባባል የብዙዎቻችን ሰበብ ሆኖ ቆይቷል። በእኔ እምነት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኔትወርክ የጠፋበት ምሽት ከማንኛውም ምሽት ይልቅ የፈተናውን ሁኔታ ይመስላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውርዶ የቀረውን ዝግጅት ያለ ኔትወርክ ለመሥራት በሚያስችል መልኩ ተዘጋጅቷል።

ደረጃ 1፦ ለየትኛው ፈተና እንደሚዘጋጁ ያረጋግጡ

የአርኤችሲኢ መዓረግ የሚሰጠው ከሥሩ ያለውን የአርኤችሲኤስኤ ማረጋገጫ፣ ማለትም የኢኤክስ 200ን ፈተና ላለፈ ባለሙያ ነው። ይህን ሳይዙ ስለ ሁለተኛው ማሰብ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ስለሆነ፣ ገና ያልወሰዱት ከሆነ መመሪያውን በዚሁ አቁመው መጀመሪያ ወደዚያ ይሂዱ።

ቀጥሎ የሚያጠኑባቸውን መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ዕድሜ ይመርምሩ። እስከ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7ኛ ስሪት ድረስ ፈተናው ኢኤክስ 300 ይባል ነበር፤ ይዘቱም የድር፣ የፋይል ማጋሪያና የመሳሰሉትን አገልግሎቶች አንድ በአንድ በእጅ ማዋቀር ነበር። ከ8ኛው ስሪት ወዲህ ግን ፈተናው ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ ሆኖ ወደሚያዋቅረው፣ አንሲብል ወደተባለው መሣሪያ ዞሯል፤ አሁን የሚጠየቀው ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ትእዛዝ የሚያዋቅር ፕሌይቡክ፣ ማለትም የተግባሮችን ዝርዝር የያዘ ፋይል መጻፍ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዘዋወር የኖረ የሥልጠና ቪዲዮ እጅዎ ከገባ መጀመሪያ ስለየትኛው ስሪት እንደሚናገር ይመልከቱ፤ አንሲብልን የማያነሳ ከሆነ ለመሠረታዊ ዕውቀት ይጠቅምዎ ይሆናል እንጂ ለዚህ ፈተና አያዘጋጅዎትም።

ከዚያ በኋላ በሬድ ሃት ድረ ገጽ ላይ የሚገኘውን የፈተናውን ዓላማዎች ዝርዝር አትመው ከሚሠሩበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይለጥፉት። ዝርዝሩ ሊሻሻል ስለሚችል የሚመዘገቡበት ስሪትና የሚያጠኑት ስሪት አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ምልክት የሚያደርጉትም ስለ ጉዳዩ ባነበቡበት ቀን ሳይሆን ሰነድ ሳይገልጡ ወይም በማሽኑ ሰነድ ብቻ ታግዘው በሠሩበት ቀን ይሁን።

ደረጃ 2፦ መሠረቱን ይፈትሹ

አንሲብል የሊኑክስን ዕውቀት አይተካም። ፋይል ሲስተም ለመፍጠር የሚያገለግለው ሞጁል (አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ የአንሲብል ክፍል) የሚጠይቅዎ የዲስኩን ስምና የፋይል ሲስተሙን ዓይነት ነው፤ እነዚህ ምን እንደሆኑ በእጅ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሞጁሉን ቢያገኘውም ምን እንደሚሞላበት አያውቅም። ስለዚህ ኤልቪኤም (የዲስክ ቦታ መከፋፈያ) መፍጠርና ማስፋት፣ በኤፍኤስታብ ውስጥ ዲስክን በዩዩአይዲ ማስመዝገብ፣ ተጠቃሚና ቡድን መክፈት፣ ሲስተምዲ አገልግሎት ማስነሣት፣ ክሮን (በሰዓቱ በራሱ የሚሄድ ሥራ) ማስገባት፣ የኤስኢሊኑክስን (የሊኑክስን ተጨማሪ የደህንነት ጥበቃ) ኮንቴክስት ማንበብና ፋየርዎልዲ ላይ በር መክፈት ያለ ምንም ማስታወሻ ከእጅዎ መውጣት አለባቸው። ከእነዚህ የሚያንገራግርዎ ካለ ወደ አንሲብል ከመሻገርዎ በፊት ለእርሱ ጥቂት ምሽቶች ይስጡት።

ደረጃ 3፦ ቤተ ሙከራዎን በላፕቶፕዎ ላይ ይገንቡ

ለዚህ ዝግጅት የሰርቨር ክፍል አያስፈልግም፤ በላፕቶፑ ውስጥ የሚፈጠሩ ምናባዊ (ቨርቹዋል) ማሽኖች ይበቃሉ። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ በምቾት ያሠራል፤ 8 ጊጋባይት ብቻ ያለውም ማሽኖቹን ያለ ግራፊክስ፣ በአነስተኛው የጭነት ዓይነት ከጫኗቸው ይበቃል። አንድ ተቆጣጣሪ ማሽን 2 ጊጋባይት ራም ይስጡት፤ የሚታዘዙትን ሦስት ወይም አራት ማሽኖች ደግሞ ከተጫኑ በኋላ እያንዳንዳቸውን ወደ 1 ጊጋባይት ማውረድ ይቻላል። ላፕቶፕዎ ሊኑክስ ከሆነ ኬቪኤምን፣ ዊንዶውስ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስን ይጠቀሙ። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው ኬቪኤምን ነው፤ ቀለል ያለ ነው፣ እርሱን ማስተዳደርም ራሱ ልምምድ ይሆናል።

ለስርዓተ ክወናው ሁለት መንገድ አለ። ሬድ ሃት ለግለሰብ ገንቢዎች በሚሰጠው ነጻ ምዝገባ እስከ 16 ማሽኖች ድረስ ዋናውን ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስን መጠቀም ይቻላል፤ ምዝገባው የሚያስቸግርዎ ከሆነ ሮኪ ሊኑክስ ወይም አልማ ሊኑክስ ከዋናው ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰሉ ለልምምድ ያገለግላሉ። የድሮውን ሴንትኦኤስ ሊኑክስ 8ን አይጫኑ፤ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ ላይ ተቋርጧል።

ሲያወርዱ ትንሹን የማስነሻ ምስል ሳይሆን ሙሉውን የዲቪዲ ምስል ይምረጡ። ትንሹ ምስል በጭነት ጊዜ የቀረውን ከኢንተርኔት ስለሚስብ መንገድ ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ ሥራው ይበላሻል። ሙሉው ወደ 10 ጊጋባይት የሚጠጋ ሲሆን ሁለቱንም ዋና ሪፖዚተሪዎች (የሶፍትዌር ማከማቻዎች)፣ ቤዝኦኤስንና አፕስትሪምን ይይዛል፤ አንሲብል-ኮር እና የሬድ ሃት ሲስተም ሮሎች (ደግመው የሚጠቀሙባቸው የተግባር ስብስቦች) ጥቅል በአፕስትሪም ውስጥ ስላሉ ዲቪዲው ብቻውን አብዛኛውን ዝግጅት ያስኬዳል። ፋይሉን ኔትወርክ በሚፈጥንበት ሌሊት ወይም በመሥሪያ ቤትዎ ፈቃድ በቢሮው መስመር ያውርዱት፤ ካወረዱም በኋላ የማረጋገጫ ቁጥሩን ከድረ ገጹ ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ። ተቆራርጦ የወረደ ፋይል ብዙ ጊዜ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ጭነቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

በዚያው ምሽት ሦስት ተጨማሪ ነገሮችን ያስቀምጡ። የመጀመሪያው በዲቪዲው ላይ የማያገኙት፣ ፕሌይቡክ የሚያስኬደው አንሲብል-ናቪጌተርና እርሱ የሚሠራበት የኮንቴይነር ምስል ነው፤ ምስሉን ፖድማን በተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ ከሳቡት በኋላ «ፖድማን ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል ቀይረው በፍላሽ ይያዙት። ሁለተኛው «አንሲብል ፖዚክስ» እና «ኮሚዩኒቲ ጄኔራል» የተባሉት ኮሌክሽኖች (የሞጁሎች ጥቅሎች) ናቸው፤ የ«አንሲብል-ጋላክሲ» ትእዛዝ ኮሌክሽኖችን ሳይጭን በጥቅል ፋይልነት ብቻ ማውረድ ስለሚችል በኋላ ከጥቅሉ ይጭኗቸዋል። ሦስተኛው ከጋላክሲ፣ ማለትም ከአንሲብል ማጋሪያ ድረ ገጽ የሚወርድ አንድ ማንኛውም ሮል ነው፤ ዓላማው ሮልን ከፋይል መጫን መለማመድ ስለሆነ የትኛውም ቢሆን ልዩነት የለውም።

አንድ ማሽን ብቻ በንጽህና ይጫኑና የቀሩትን ከእርሱ ያባዙ። ሲያባዙ የማሽኑን መለያ ፋይል ባዶ ማድረግ፣ የማሽኑን ስምና የአይፒ አድራሻ መቀየር አይርሱ፤ አለበለዚያ ሁለት ማሽኖች አንድ አድራሻ ይዘው ሲጋጩ የሚያጠፉት ሰዓት ለጥናቱ አንዳች አይጨምርም። ለማሽኖቹ ስም ሲያወጡ «ኖድ 1፣ ኖድ 2» ከማለት ይልቅ የሚያስታውሱትን ስም ይስጧቸው። እዚህ ለምሳሌ ያህል ተቆጣጣሪውን ደሴ፣ የሚታዘዙትን ደግሞ ሐይቅ፣ ባቲና ኮምቦልቻ እንላቸዋለን፤ ሐይቅና ባቲ የድር ሰርቨሮች፣ ኮምቦልቻ የዳታቤዝ ሰርቨር ናቸው።

ሁሉም ሲነሡ ዲቪዲውን ደሴ ላይ አገናኝተው በድር ሰርቨር አማካይነት ለሌሎቹ ያጋሩት፤ ሦስቱም ሶፍትዌር የሚጭኑት ከደሴ እንጂ ከውጭ እንዳይሆን ያድርጉ። ይህ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ቤተ ሙከራው ከኢንተርኔት ነጻ ይሆናል፣ ሪፖዚተሪን በፕሌይቡክ ማስመዝገብም ከዓላማዎቹ ውስጥ ስላለ ልምምዱ ከዚሁ ይጀመራል። በመጨረሻም የእያንዳንዱን ማሽን ንጹሕ ስናፕሾት (የማሽኑን ሁኔታ ቅጂ) ይያዙ። ከዚህ በኋላ ማሽኖቹን ለማበላሸት አይፍሩ፤ በአንድ ትእዛዝ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ላንሣ። በዴስክቶፕ የሚሠሩ ከሆነ የመብራት መጥፋት ያልታቀደ ሪቡት ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ማሽኖቹ በራሳቸው መነሣታቸውን፣ ዲስኮቹ መገናኘታቸውንና አገልግሎቶቹ መሥራታቸውን ሳይነካኩ ይመልከቱ። በኤፍኤስታብ ውስጥ አንዲት ፊደል የተሳሳተች እንደሆነ ማሽኑ ወደ አስቸኳይ ሁኔታ ገብቶ ያገኙታል፤ ይህ ስሕተት ቤት ውስጥ ቢገኝ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ግንኙነቱንና የአንሲብልን ቅንብር ያስተካክሉ

ደሴ ላይ ተራ ተጠቃሚ ይክፈቱ፣ የኤስኤስኤች ቁልፍ ያመንጩ፣ ቁልፉን ወደ ሦስቱ ማሽኖች ያሰራጩ፤ በእነርሱም ላይ ያው ተጠቃሚ ያለ ፓስወርድ ሱዶ እንዲጠቀም ይፍቀዱ። ከዚያ በአንድ የሥራ ፎልደር ውስጥ የሚታዘዙትን ማሽኖች ዝርዝር የሚይዘውን የኢንቬንተሪ ፋይልና የቅንብር ፋይሉን ይጻፉ።

የቅንብር ፋይሉን ቦታ በተመለከተ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንሲብል ቅንብሩን የሚፈልገው በመጀመሪያ በኤንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ ከተገለጸለት ቦታ፣ ቀጥሎ ትእዛዙ ከተሰጠበት ፎልደር፣ ቀጥሎ ከተጠቃሚው ቤት፣ በመጨረሻም ከኢቲሲ ሥር ካለው ነው፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ሌሎቹን ይተዋቸዋል። ስለዚህ ከሥራ ፎልደርዎ አንድ ደረጃ ወጥተው ትእዛዙን ቢሰጡ ፕሌይቡኩ ትክክል ሆኖ ሳለ «እንዲህ የሚባል ማሽን አላውቅም» የሚል መልስ ያገኛሉ። ማንኛውንም ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የአንሲብልን ስሪት የሚያሳየውን ትእዛዝ ይስጡ፤ ከስሪቱ በታች የትኛውን የቅንብር ፋይል እየተጠቀመ እንደሆነ ይነግርዎታል። ፎልደሩ ለማንም ሰው ለመጻፍ ክፍት ከሆነም አንሲብል በውስጡ ያለውን ቅንብር ሆን ብሎ ያልፈዋል።

ደረጃ 5፦ ሰነዱን ከማሽኑ ማንበብን ይልመዱ

ከዝግጅቱ ሁሉ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። የአንሲብል ሞጁሎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የሁሉንም መለኪያ በቃል ለመያዝ የሚሞክር ሰው ይደክማል። በቃል መያዝ ያለበት የሚፈልጉት ነገር የት እንዳለ ነው።

«አንሲብል-ዶክ» የሚለው ትእዛዝ የሞጁሎችን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ማብራሪያ ያሳያል። ማብራሪያው ረጅም ነው፤ ከላይ ጀምረው አያንብቡት። እንደተከፈተ የመፈለጊያውን እዝባር ተጭነው ምሳሌዎች የሚለውን ርዕስ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይፈልጉ፤ ከመጨረሻው አካባቢ ተስተካክለው የተጻፉ ናሙናዎች ስላሉ ለጉዳይዎ የሚቀርበውን ገልብጠው ያሻሽሉት። የሞጁሉ ስም ካልመጣልዎ ዝርዝሩን በ«ግሬፕ» ያጣሩ፤ ስለ ፋየርዎል፣ ስለ ሎጂካል ቮልዩም ወይም ስለ ክሮን የሚናገረው ወዲያው ይገኛል። ፊልተሮችንና ሉክአፖችን (መረጃ የሚቀይሩና የሚያመጡ መሣሪያዎችን) ለማየት ደግሞ ዓይነቱን የሚገልጽ አማራጭ ይጨመራል፤ ይህን ብዙዎች ስለማያውቁት የጂንጃ ቴምፕሌት (ተለዋዋጮች የሚሞሉበት የፋይል ናሙና) ጥያቄ ሲመጣ በግምት ይጽፋሉ።

ሙሉ የቅንብር ፋይል ናሙና ሲያስፈልግዎ «አንሲብል-ኮንፊግ ኢኒት» የሚለው ትእዛዝ «ዲስኤብልድ» የሚለው አማራጭ ሲጨመርበት ሁሉም መስመሮች ተዘግተው ያሉበትን ናሙና ያወጣልዎታል፤ የሚፈልጉትን መስመር ከፍተው ይጠቀማሉ። የሬድ ሃት ሲስተም ሮሎች ጥቅል ሲጫን ደግሞ የእያንዳንዱ ሮል ማብራሪያና የተሟላ የፕሌይቡክ ናሙና አብሮ ወደ ማሽኑ ይገባል። ጥቅሉ የጫናቸውን ፋይሎች በ«አርፒኤም» ዘርዝረው ፎልደሩን ያግኙት፤ የሰዓት ማስተካከያውንና የኤስኢሊኑክሱን ሮል ናሙና ያለ ኔትወርክ ገልብጠው ሲሠሩ ይህ ጥናት ምን ያህል ከኢንተርኔት ነጻ እንደሆነ ይታይዎታል።

ለልምምድ ያህል በየምሽቱ ከዚህ በፊት ያልነኩትን አንድ ሞጁል ይምረጡ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ በማሽኑ ሰነድ ብቻ ሠርተው ያሳዩ።

ደረጃ 6፦ አንድን ተግባር እስከ መጨረሻው ያድርሱ

ተግባሩ የሚከተለው ነው እንበል፦ በሐይቅና በባቲ ላይ የአፓቼ ድር ሰርቨር በ8090 በር እንዲሠራ፣ ከሪቡት በኋላም እንዲቀጥል አድርጉ።

የመጀመሪያው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ጥቅሉን የሚጭን፣ የቅንብር ፋይሉን በር የሚቀይርና አገልግሎቱን የሚያስነሣ ፕሌይቡክ ይጻፋል፤ ሲሄድ ግን የመጨረሻው ተግባር በቀይ ይታያል፤ አገልግሎቱ አልተነሣም። ወደ ባቲ ገብተው በ«ጆርናልሲቲኤል» ቢያዩ አፓቼ በሩን ለመያዝ ፈቃድ እንደተከለከለ ይነበባል። የከለከለው ኤስኢሊኑክስ ነው፤ 8090 ለድር ሰርቨር ከተፈቀዱት በሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ኤስኢሊኑክስን ወደ ልል ሁኔታ ማውረድ ፈጣን መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥበቃውን ከመላው ማሽኑ ላይ ማንሣት ስለሆነ በሥራ ቦታም በፈተናም ተቀባይነት የለውም። ትክክለኛው መንገድ በ«ሴፖርት» ሞጁል 8090ን በድር ሰርቨር በሮች ዓይነት ሥር ማስመዝገብ ነው፤ ይህም ተግባር አገልግሎቱን ከሚያስነሣው በፊት መቀመጥ አለበት።

አሁን አገልግሎቱ ተነሥቷል፤ ከደሴ ሆነው በ«ከርል» ሲጠይቁት ግን አይመልስም። ቀጣዩ ዘብ ፋየርዎሉ ነው። የፋየርዎልዲ ሞጁል ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች አሉት፤ አንዱ ቋሚ የሚያደርገው፣ ሌላው ወዲያውኑ ሥራ ላይ የሚያውለው ነው። ቋሚውን ብቻ ቢጽፉ በሩ እስኪታደስ ወይም ማሽኑ ሪቡት እስኪደረግ ድረስ ዝግ ነው፤ ወዲያውኑ የሚለውን ብቻ ቢጽፉ ደግሞ አሁን ይከፈትና ከሪቡት በኋላ ይጠፋል። ሁለቱም ይጻፉ። አገልግሎቱም «የተነሣ» ብቻ ሳይሆን «ማሽኑ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ» መባሉን ይመልከቱ።

ሦስተኛው ፍተሻ ፕሌይቡኩን ያለ ምንም ለውጥ ለሁለተኛ ጊዜ ማስኬድ ነው። በደንብ የተጻፈ ፕሌይቡክ በሁለተኛው ዙር የተለወጠ ነገር ዜሮ መሆኑን ያሳያል። በየዙሩ ቢጫ የሚሆን ተግባር ካለ ብዙውን ጊዜ ተገቢው ሞጁል እያለ በሼል ትእዛዝ የተሠራ ነው፤ ይፈልጉና ይተኩት። ቅንብሩ ሲቀየር አገልግሎቱን የሚያድሰው ሃንድለር ላይም ይጠንቀቁ፤ ሃንድለር የሚሄደው ከተግባሮቹ በኋላ ስለሆነ በመካከል አንድ ተግባር ከወደቀ ሳይሄድ ይቀራል፤ በቀጣዩ ዙር ደግሞ የቅንብር ፋይሉ አስቀድሞ ስለተቀየረ አይጠራም። ውጤቱ ትክክለኛ ፋይልና በድሮው ቅንብር የሚሠራ አገልግሎት ነው። ምክንያቱን ያልገባው ሰው እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ያጠፋል።

በመጨረሻ ሁለቱን ማሽኖች ሪቡት አድርገው ከደሴ እንደገና ይጠይቋቸው።

ደረጃ 7፦ ጽሑፍ ማረሚያውንና ኪቦርዱን ያዘጋጁ

ፕሌይቡክ የሚጻፍበት ቅርጽ፣ ያምል፣ ታብ አይቀበልም፤ ክፍተቶቹ በስፔስ ብቻ መሆን አለባቸው። የ«ቪም»ን የቅንብር ፋይል ከፍተው ታብ በሁለት ስፔስ እንዲተካና አዲሱ መስመር የላይኛውን ውስጠ ገባ እንዲከተል የሚያደርገውን አንድ መስመር በቃልዎ ይያዙ፤ በፈተናው የመጀመሪያ ደቂቃ የሚጽፉት ይህ ነው። ፕሌይቡኩን ከማስኬድዎ በፊትም የአጻጻፍ ፍተሻውን ያካሂዱ።

ለእኛ ብቻ የሚደርስ ሌላ ጣጣ አለ። ላፕቶፑ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ተጭኖ ከሆነ ሳይታወቅ ይቀየርና ከእንግሊዝኛው ኮለን ፋንታ የእኛ ሁለት ነጥብ ይገባል። በተርሚናል ላይ ሁለቱ ዓይን ያሳስታሉ፤ ያምል ግን የእኛን ሁለት ነጥብ እንደ ተራ ፊደል ስለሚቆጥረው ፋይሉን አይረዳውም፣ የሚያሳየው የስሕተት መልእክትም ጥፋቱን በግልጽ አይናገርም። በቤተ ሙከራው ማሽኖች ላይ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ብቻ ይተዉ፤ በላፕቶፕዎ ላይም ልምምድ በሚሠሩበት ሰዓት የመቀየሪያ ቁልፉን ያጥፉት።

ደረጃ 8፦ የጥናቱን ቅደም ተከተል ያውጡ

ከሥራ ጎን ለሚያጠና ሰው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ኢንቬንተሪ፣ ቅንብርና ቀላል ፕሌይቡኮች፤ ከዚያ ተለዋዋጮች፣ ፋክቶች (ከማሽኖቹ የሚሰበሰቡ መረጃዎች)፣ ሁኔታዎችና ሉፖች፤ ቀጥሎ የጂንጃ ቴምፕሌቶችና ሃንድለሮች፤ በመቀጠል ሮሎች፣ ኮሌክሽኖችና ቮልት (የምሥጢር መረጃ ማመስጠሪያ) ይምጡ። ዲስክና ኤልቪኤም ለብቻቸው አንድ ሙሉ ሳምንት ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም ቦታ ሲያንስ ምን ይደረግ የሚለውን በ«ብሎክ» እና በ«ሬስኪው» መያዝ ከሌሎቹ የበለጠ ልምምድ ይጠይቃል። ቮልት ቀላል ነው፤ ይሁንና የፓስወርድ ፋይሉን መንገድ መጻፍ የረሳ ሰው ሁሉንም ፕሌይቡክ በእጅ ፓስወርድ እያስገባ ለማስኬድ ይገደዳል።

ከተቻለ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ያጥኑ። አንዱ ለሌላው ተግባር ይጻፍለት፤ የሚጽፈው ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ያበላሽ፣ ለምሳሌ የኤስኤስኤች ቁልፉን ከአንድ ማሽን ያንሣ ወይም ኢንቬንተሪው ውስጥ ስም ያሳስት። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ እርስ በርስ የተሰጣጡትን ተግባር መጨረስ ጥሩ የፍጥነት መለኪያ ነው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ያ ጊዜ አጭር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሙሉ የሙከራ ፈተና ይውሰዱ

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ማሽኖቹን ወደ ንጹሕ ስናፕሾታቸው መልሰው፣ ዋይፋዩን አጥፍተው፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠው 4 ሰዓት ይቀመጡ። አሥራ አምስት ያህል ተግባራትን ከዓላማዎቹ ዝርዝር ራስዎ ወይም የጥናት ባልደረባዎ ያውጡ። መጀመሪያ ሁሉንም ያንብቡ፤ ሌሎቹ የሚመሠረቱባቸውን፣ ማለትም ኢንቬንተሪን፣ ቅንብርንና ሪፖዚተሪን ያስቀድሙ፤ ከአንድ ተግባር ጋር ሃያ ደቂቃ ከታገሉ ምልክት አድርገው ይለፉት። የፋይሎቹ ስምና የሚቀመጡበት ፎልደር በትእዛዙ እንደተጻፈው መሆኑን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ በትልቅና በትንሽ ፊደል ልዩነት ብቻ ነጥብ ይሄዳል። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ሁሉንም ፕሌይቡኮች እንደገና ለማስኬድ ይተዉት።

ደረጃ 10፦ ምዝገባ፣ ክፍያና ሰዓት

በምዝገባው ላይ የሚጽፉት ስም ፈተናውን ሲወስዱ ከሚያሳዩት መታወቂያ ጋር በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሰይድ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡት እንጂ ለኢሜይል የለመዱትን አይጻፉ። የአባትና የአያት ስም በየትኛው ሳጥን እንደሚገባም ፓስፖርቱ ላይ ካለው አቀማመጥ ይውሰዱ።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ክፍያ የሚያስፈጽም ካርድ ስለማግኘት ከባንክዎ ጋር ቀደም ብለው ይነጋገሩ፤ ይህን ለመጨረሻው ሳምንት መተው ቀጠሮን ያሳልፋል። ከመክፈልዎ በፊትም ፈተናውን በቤትዎ ሆነው መውሰድ ወይም በተፈቀደ ማዕከል መቀመጥ ከሚሉት አማራጮች ለኢትዮጵያ የሚታየው የትኛው እንደሆነ በምዝገባው ገጽ ላይ ይመልከቱ።

ቀጠሮው የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 09:00 የሚለው የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የሰዓት ክልሉም አዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የዓለም አቀፉን ሰዓት የሚያሳይ ከሆነ ሦስት ሰዓት ይጨመርበታል። ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጽፈው ይያዙ።

ደረጃ 11፦ የፈተናው ቀን

ፈተናውን በርቀት የሚወስዱ ከሆነ ላፕቶፕዎ ሬድ ሃት ካዘጋጀው የፍላሽ ምስል ይነሣል። ምስሉን ጽፈው የተኳኋኝነት ፍተሻውን ፈተናው በሚካሄድበት ክፍል፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት ያድርጉ፤ የማክሰኞ ሌሊት ኔትወርክ ስለ ቅዳሜ ጠዋት ኔትወርክ አይመሰክርም። የቢሮ መስመር ለመጠቀም ከተፈቀደልዎ የቢሮው ፋየርዎል ግንኙነቱን አለመከልከሉ አስቀድሞ ይፈተሽ። በላፕቶፑ ላይ ካለው ካሜራ የተለየ፣ እየተንቀሳቀሰ ክፍሉን የሚያሳይ ዌብካም ያዘጋጁ፤ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን፣ ኃይል የሚይዝ ዩፒኤስ ካለ ራውተሩ ጭምር በእርሱ ይሰካ።

ክፍሉ ውስጥ ከእርስዎ በቀር ማንም መግባት የለበትም። ወሎ ቤት እንግዳ ሳያንኳኳ ስለሚገባ ለቤተሰብም ለጎረቤትም ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩ፣ በሩንም ይቆልፉ፤ «ቡና ደርሷል፣ ኑ» የምትል ጎረቤት ፈተናውን ልታሰርዝ ትችላለች።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ከደሴ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በዋዜማው አይጓዙ፤ አንድ ቀን አስቀድመው ደርሰው ይረፉ፣ ወይም ከኮምቦልቻ የሚነሣውን በረራ ይያዙ።

ውጤቱ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በኢሜይል ይደርሳል፤ ያለፈ ሰው ማረጋገጫው ለ3 ዓመት ያገለግለዋል። ነጥብዎ ከ210 በታች ከሆነ ከውጤቱ ጋር የሚመጣውን በየዓላማው የተከፋፈለ መግለጫ ከግድግዳው ዝርዝር አጠገብ ይለጥፉት፤ ዝቅተኛ ነጥብ ባገኙባቸው መስመሮች ላይ ያለውን ምልክት ይሰርዙና ማሽኖቹን ወደ ንጹሕ ስናፕሾታቸው መልሰው ከእነዚያ ይጀምሩ።